«ሁለተኛውስ?» ከአንድ በላይ የሄፓታይተስ ቫይረስ ያለበት ሰው ጉበቱን ለረጅም ጊዜ እንዴት ይጠብቅ

የሄፓታይተስ ሲ መድሀኒት ስጀምር ኤኤልቲዬ፣ ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ነገር፣ 88 ነበር። በ4ኛው ሳምንት 24 ገባ፣ ደስታዬን አትጠይቁኝ፣ የላብ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለወንድሜም ለእህቴም ላክሁት፣ በቃ ጉበቴ ዳነ ብዬ። በ8ኛው ሳምንት ሄጄ ሳሰራው 140። ወዲያው የጠረጠርኩት መድሀኒቱን ነው፣ ይሄ ኪኒን ጉበቴን እየበላው ነው ብዬ ላቆመው ወስኜ ነበር እኮ። ያዳነችኝ ውጤቱን የሰጠችኝ የላብራቶሪ ልጅ ናት፣ ወረቀቱን እያየች እንደ ቀላል ነገር «ሌላ ሄፓታይተስ የለብህም አይደል?» አለችኝ። አለብኝ እንጂ! ቢ እንዳለብኝ ካወቅኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፣ ደም ልሰጥ ሄጄ ነው የተነገረኝ፣ ከዛ «ያንተ ቢ ተኝቷል አያሳስብህም» ስለተባልኩ እኔም አብሬው ተኛሁ። ሲውን ያከመኝ ሀኪም ቢ አለብህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም ምን አገናኘው ብዬ አልነገርኩትም። የቢ ቫይራል ሎድ፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ ብዛት፣ ሲሰራ በፊት ከቁጥር የማይገባ የነበረው ከ1 ሚሊየን አልፎ ተገኘ።

ቢን የሚያፍነው ቴኖፎቪር የሚባል ኪኒን ተጨመረልኝ፣ የሲውንም ሳላቋርጥ ጨረስኩ፣ ሁለቱም ረገቡ። ግን ያቺ ልጅ ባትጠይቀኝ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ሳስበው አሁንም ይጨንቀኛል። እዚህ የምጽፈው ከዛ በኋላ የተማርኩትን ነው፣ ሀኪም አይደለሁም፣ መድሀኒት የሚያዝላችሁ የራሳችሁ ሀኪም ነው፣ ግን ሀኪማችሁ ፊት ስትቀርቡ ምን እንደምትጠይቁ ማወቅ የእናንተ ድርሻ ነው። የኔ ዋና ጥያቄ አንድ ብቻ ነች፣ ስለ አንዱ ቫይረስ በተወራ ቁጥር «ሁለተኛውስ?» ማለት። የተዳፈነ እሳት ጠፋ አይባልም።

መጀመሪያ ምን ምን እንዳለባችሁ በትክክል እወቁ

ሄፓታይተስ የሚባሉት ቫይረሶች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ ናቸው። ኤ ይመጣል ይሄዳል፣ ኢም አብዛኛውን ጊዜ እንደዛው ነው፣ የሰውነት መከላከያቸው በጣም የደከመ ሰዎች ላይ ካልሆነ ስር አይሰድም። ለዓመታት ጉበት ላይ ተቀምጠው ጠባሳ የሚሰሩት ቢ፣ ሲ እና ዲ ናቸው። የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በነበረው ግምት ቢ ያለበት ሰው 254 ሚሊየን፣ ሲ ያለበት ደግሞ 50 ሚሊየን ነው፣ መተላለፊያ መንገዳቸው ደግሞ ደም ላይ ስለሚገናኝ ሁለቱን ባንዴ ይዞ መገኘት ያን ያህል ብርቅ አይደለም። ኤችአይቪም በዛው መንገድ ስለሚመጣ ሶስቱን የያዙ ሰዎችም አሉ።

አሁን ወረቀታችሁን አውጡ። «ሄፓታይተስ አለብህ» የሚል ቃል ብቻ ይዞ መኖር ምንም አይጠቅምም። የቢ ምርመራ ውስጥ ኤችቢኤስ አንቲጅን፣ የቫይረሱ ልባስ አካል ነው፣ ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ አሁን አለ ማለት ነው፣ ከ6 ወር በላይ እንደዛ ከቆየ ስር ሰዷል። አንቲጅኑ ኔጋቲቭ ሆኖ የኮር አንቲቦዲው፣ ሰውነት ለቫይረሱ የሰጠው ምላሽ፣ ፖዘቲቭ ከሆነ ድሮ ይዟችሁ ሰውነታችሁ አሸንፎታል፣ ግን ጠቅልሎ አልወጣም፣ ከጉበት ሴል ውስጥ ትንሽ ቅሪት ይዞ ይደበቃል፣ ይሄ ነገር በኋላ ይመለስብናልና ያዙት። የሲ ምርመራ ላይ ደግሞ ሰው በብዛት የሚሳሳተው አንቲቦዲው ላይ ነው። የሲ አንቲቦዲ ፖዘቲቭ ማለት አንድ ጊዜ ተይዛችኋል ማለት ብቻ ነው፣ አሁን ቫይረሱ መኖሩን የሚናገረው ቫይረሱን ራሱን ደም ውስጥ የሚፈልገው የአርኤንኤ ምርመራ ነው፣ ታክማችሁ ከዳናችሁ በኋላም አንቲቦዲው እድሜ ልክ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ «ድኛለሁ ግን ምርመራው ፖዘቲቭ አለኝ» ብላችሁ አትደንግጡ፣ አርኤንኤ ይሰራልኝ በሉ።

ዲን ማንም አይጠይቅም፣ ለዚህ ነው እኔ የምጮኸው። ዲ ጎዶሎ ቫይረስ ነው፣ የራሱ ልባስ የለውም፣ የሚለብሰው የቢን ነው፣ ስለዚ ቢ የሌለበት ሰው ዲ አይዘውም። ማርዮ ሪዜቶ የሚባል ጣሊያናዊ ሀኪም ነው እ.ኤ.አ. በ1977 ቱሪን ውስጥ ያገኘው፣ ያኔም መጀመሪያ የቢ አንድ አዲስ አንቲጅን መስሏቸው ነበር። ቢ ካለባቸው ሰዎች 5 በመቶ ገደማ ዲም እንዳለባቸው ይገመታል። ምርመራው በአንቲቦዲ ይጀምራል፣ ፖዘቲቭ ከሆነ አርኤንኤ ይከተላል። ቢ ካለባችሁ በህይወታችሁ ቢያንስ አንዴ አስመርምሩት፣ በተለይ የቢ ቫይራል ሎዳችሁ ዝቅተኛ ሆኖ ኤኤልቲያችሁ ግን አልወርድ ካለ። ቢው ጸጥ ብሎ ጉበቱ የሚንጫጫ ከሆነ የሚያንጫጫው ሌላ ሰው አለ ማለት ነው እኮ።

ቢ እና ሲ አብረው ሲኖሩ

ሁለቱ ቫይረሶች አንድ ጉበት ውስጥ ሲኖሩ እኩል አይጮሁም። ብዙ ጊዜ ሲ ይበረታና ቢን ይጫነዋል፣ በዚህ ምክንያት የቢ ቫይራል ሎድ ዝቅተኛ ሆኖ ይታያል፣ ሰውም ሀኪምም «ቢው ተኝቷል» ይላል። የተኛው ግን ስለተጫኑት ነው። ጉበቱ ግን በሁለቱም በኩል ስለሚጎዳ አንድ ቫይረስ ብቻ ካለበት ሰው ይልቅ ጠባሳው ቶሎ ይገፋል፣ የካንሰሩም ስጋት ከፍ ይላል።

አሁን ያሉት የሲ ኪኒኖች ተአምር ናቸው ብል አላጋነንኩም። ቫይረሱን በቀጥታ የሚያጠቁ ናቸው፣ 8 ወይም 12 ሳምንት ይዋጣሉ፣ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል። ድሮ በኢንተርፌሮን መርፌ እስከ 48 ሳምንት ተሰቃይቶ ግማሹ ሰው ያልዳነበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይሄን ሲሰማ ያለቅሳል። ግን ሲው በፍጥነት ሲጠፋ የጫነው ነገር ከቢ ላይ ይነሳል፣ ቢም ያገረሻል። የአሜሪካ የምግብና መድሀኒት ባለስልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ኦክቶበር አካባቢ በነዚህ መድሀኒቶች ላይ ጠንካራውን የሳጥን ማስጠንቀቂያ ያስለጠፈው በዚህ ምክንያት ነው፣ በጊዜው 24 ሰዎች ላይ ቢ እንዳገረሸ ተመዝግቦ ነበር፣ 2ቱ ሞተዋል፣ አንዱ የጉበት ንቅለ ተከላ አስፈልጎታል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ መድሀኒቱን ከወሰደው ሰው ብዛት አንጻር በጣም ትንሽ ነው፣ ግን በአንድ ቀላል የደም ምርመራ ሊቀር ይችል ነበር።

ስለዚ የሲ መድሀኒት ከመጀመራችሁ በፊት ኤችቢኤስ አንቲጅን እና የኮር አንቲቦዲ ተሰርተው ውጤታቸው በእጃችሁ ይሁን። አንቲጅኑ ፖዘቲቭ ከሆነ የቢ ዲኤንኤ፣ ያው ቫይራል ሎዱ ነው፣ ይለካ፣ ቢው በራሱ መታከም ያለበት ከሆነ ይታከማል፣ ባይሆንም እንኳ ብዙ ሀኪሞች ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር ከሲው ኪኒን ጋር ጀምረው የሲው ህክምና ካለቀ ቢያንስ 12 ሳምንት እስኪያልፍ ይቀጥሉታል። ካልተሰጣችሁ ደግሞ በየወሩ መከታተል የግድ ነው። አንቲጅኑ ኔጋቲቭ ሆኖ የኮር አንቲቦዲው ብቻ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው፣ ያ ቅሪት ያልኳችሁ ነው፣ ስጋቱ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ኤኤልቲውን መከታተል ይበቃዋል፣ ኤኤልቲ ያለምክንያት ከጨመረ ግን ወዲያው አንቲጅኑና ዲኤንኤው ይደገም። የሚያገረሸው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፣ የኔ 8ኛው ሳምንት ላይ እንደመጣው ማለት ነው።

እና አደራ፣ ቁጥሩ ሲጨምር በራሳችሁ ምንም ነገር አታቁሙ። እኔ ልሳሳት የነበረው እዚህ ጋር ነው፣ የሲውን ኪኒን 8ኛው ሳምንት ላይ ባቆመው ሲውም ሳይድን ቢውም ተነስቶብኝ ባዶ እጄን እቀር ነበር።

ሲው መዳኑ የሚታወቀው የመጨረሻዋን ኪኒን በዋጣችሁበት ቀን ሳይሆን ከዛ 12 ሳምንት ቆይቶ አርኤንኤው ካልታየ ነው። ከዳናችሁ በኋላ እንደገና ሊይዛችሁም ይችላል፣ የሲ አንቲቦዲ አይከላከልም። ቢ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ አሁን ባለው መድሀኒት ይታፈናል እንጂ አብዛኛው ሰው ላይ ጠቅልሎ አይጠፋም፣ ስለዚ ሲው ሲድን «ሄፓታይተስ ነበረብኝ» አትበሉ፣ አንዱ ገና አለ።

ዲ የጨመረበት ሰው

እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ጥንዶች ከባዱ ይሄ ነው። ቢ እና ዲ ባንድ ቀን አብረው ከያዙ ብዙ አዋቂ ሰው ሁለቱንም ያባርራቸዋል፣ ቢ ቀድሞ ተቀምጦ ዲ በላዩ ላይ ከመጣ ግን አብዛኛው ሰው ላይ ስር ሰዶ ይቀራል፣ ሲሮሲስም፣ ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ የሚደድርበት ደረጃ፣ ቢ ብቻውን ሲሆን ከሚደርስበት ጊዜ ወደ 10 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ይደርሳል። ቴኖፎቪር የቢን መራባት ያቆማል እንጂ ዲን በቀጥታ አይነካውም፣ ምክንያቱም ዲ ከቢ የሚፈልገው ልባሱን ብቻ ነው፣ ልባሱ ደግሞ ቫይራል ሎዱ ዜሮ ቢሆን እንኳ መመረቱን አያቆምም። ስለዚ «ቢዬ ታፍኗል፣ ዲዬም ታፍኗል» ብሎ ማሰብ ስህተት ነው።

ህክምናው ለረጅም ዓመታት ፔግ ኢንተርፌሮን ብቻ ነበር፣ ለ48 ሳምንት፣ ከብዙ ጣጣው ጋር። እ.ኤ.አ. በ2020 አውሮፓ ውስጥ ቡሌቪርታይድ የሚባል በየቀኑ ከቆዳ ስር የሚወጋ መድሀኒት ተፈቀደ፣ ቫይረሶቹ ወደ ጉበት ሴል የሚገቡበትን በር ነው የሚዘጋው። ዲ ያለበት ሰው በአጠቃላይ ሀኪም ብቻ መታየት የለበትም ባይ ነኝ፣ አንዴም ቢሆን የጉበት ስፔሻሊስት ጋር ይድረስ።

ኤችአይቪም ካለ

ደስ የሚለው ነገር የሲ ኪኒን ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይም ያው ነው የሚሰራው፣ የመዳኑ እድል አይቀንስም። የሚያስፈራው ከቢ ጋር ያለው ነገር ነው። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲን እና ኤምትሪሲታቢን ሁለቱንም፣ ኤችአይቪንም ቢንም ይመታሉ፣ ስለዚ ብዙ ሰው የኤችአይቪ መድሀኒት እየዋጠ ሳያውቀው ቢውንም እያከመ ነው ያለው። ችግሩ የሚመጣው መድሀኒት ሲቀየር ነው። ለምሳሌ ወደ ዶሉቴግራቪርና ላሚቩዲን ብቻ፣ ወይም በየሁለት ወሩ ወደምትወጋው የካቦቴግራቪርና ሪልፒቪሪን መርፌ ከተዛወራችሁ ቴኖፎቪሩ ወጣ ማለት ነው፣ ቢው ደግሞ የሚጠብቀው ይሄንኑ ነው። በመርፌው ውስጥ ቢን የሚነካ ምንም የለም፣ ላሚቩዲን ብቻውን ደግሞ ቢው በጊዜ ይለምደዋል። «ቀለል ያለ መድሀኒት ልቀይርልህ» ሲሏችሁ መልሳችሁ አንዲት ናት፣ «ሁለተኛውስ?»። ኢንቴካቪርንም ብቻውን፣ ኤችአይቪው በሌላ መድሀኒት ሳይታፈን መውሰድ አይሆንም፣ ኤችአይቪው መድሀኒት እንዲለምድ ያደርገዋል።

ጉበታችሁ የት ደረሰ?

እስካሁን ስለ ቫይረስ ነው ያወራሁት፣ ግን ከ10 እና ከ20 ዓመት በኋላ ምን እንደሚገጥማችሁ የሚወስነው ቫይራል ሎዱ ብቻ ሳይሆን ጉበቱ ላይ ያለው ጠባሳ ነው። ጉበት ደግሞ አይጮህም፣ ውስጡ ህመም የሚሰማው ነርቭ የለውም፣ የሚያመው ሽፋኑ ሲወጠር ነው፣ «ምንም አያመኝም» የሚለው ነገር ለዚህ በሽታ ማስረጃ አይሆንም። ኤኤልቲ ኖርማል መሆኑም አይበቃም፣ ሲሮሲስ ያለበት ሰው ኤኤልቲው ኖርማል ሊሆን ይችላል።

ባላችሁ የላብ ወረቀት ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትሰሩት ስሌት አለ፣ ፊብ አራት ይባላል፣ አራት ቁጥር ነው የሚፈልገው። እድሜያችሁን በኤኤስቲ፣ ከኤኤልቲ ጋር አብሮ የሚሰራው ሌላው የጉበት ቁጥር፣ ታባዛላችሁ፣ ያን በአንድ በኩል አስቀምጡ። ከዛ ፕላትሌታችሁን፣ ደም የሚያረጉት ሴሎች ቁጥር፣ በሺህ ቆጥራችሁ በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ታባዛላችሁ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ታካፍላላችሁ፣ አለቀ። ለምሳሌ አንድ የ48 ዓመት ሰው ኤኤስቲው 80፣ ኤኤልቲው 64፣ ፕላትሌቱ 120 ሺህ ቢሆን፣ 48 በ80 ሲባዛ 3840 ነው፣ የ64 ስኩዌር ሩት 8 ነው፣ 120 በ8 ሲባዛ 960፣ 3840 ለ960 ሲካፈል 4። ከ1.45 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ እድል ትንሽ ነው፣ ከ3.25 በላይ ከሆነ ከባድ ጠባሳ ይጠረጠራል፣ መሀል ላይ ያለው ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ያ ሰውዬ 4 ስለመጣበት ዛሬውኑ ወደ ሀኪም መሄድ አለበት ማለት ነው። እኔ ይሄን መጀመሪያ ስሰራው ፕላትሌቱን በሺህ ቆጥሬ ሳይሆን ከነዜሮዎቹ 120000 ብዬ አስገብቼ ውጤቴ 0.004 ሲመጣ ጉበቴ ከህጻን የተሻለ መስሎኝ ነበር፣ ስለዚ ዜሮዎቹን አውጡ። እና ደግሞ ኤኤልቲ በድንገት በጨመረበት ሳምንት አትስሩት፣ ቁጥሩን ያዛባዋል፣ ከ35 ዓመት በታችና ከ65 በላይ ላሉም ያን ያህል አይታመንም።

ከዛ በኋላ ያለው ፋይብሮስካን ነው፣ ጎን ላይ ትንሽ ትክ ትክ የሚያደርግ መሳሪያ፣ አያምም፣ ውጤቱ በኪሎፓስካል ነው የሚመጣው። ለቢ ከ7 በላይ ሲሆን ጉልህ ጠባሳ አለ ይባላል፣ ከ12.5 በላይ ሲሆን ሲሮሲስ ይጠረጠራል። ከምርመራው በፊት ለ3 ሰዓት ያህል ምንም ሳትበሉ ሂዱ፣ በልታችሁ ከሄዳችሁ ቁጥሩ ያለአግባብ ከፍ ይላል፣ ጉበቱ የተቆጣበት ጊዜም እንደዛው።

ሲሮሲስ ከተረጋገጠ የጉሮሮ ደም ስሮች ማበጣቸውን ለማየት ኢንዶስኮፒ፣ በአፍ የሚገባ ካሜራ፣ ይታዘዛል፣ ፋይብሮስካን ከ20 በታች ሆኖ ፕላትሌት ከ150 ሺህ በላይ ከሆነ ግን ለጊዜው ሊቀር ይችላል፣ ጠይቁ።

ከዳናችሁ በኋላም በየ6 ወሩ

ይሄን ክፍል ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ሲው ዳነ፣ ቢው ታፈነ፣ በቃ ተገላገልኩ ይልና አልትራሳውንዱን ያቆማል። ሲሮሲስ ወይም ወደዛ የቀረበ ጠባሳ ያለበት ሰው ሲው ከዳነ በኋላም የጉበት ካንሰር ስጋቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ፣ ከተቻለ አልፋ ፌቶፕሮቲን ከሚባለው የደም ምርመራ ጋር፣ ይቀጥላል። ፋይብሮስካኑ ከህክምና በኋላ ወደ 8 እና 9 ወርዶ ቢታይ እንኳ ያ ቁጥር የሚቀንሰው እብጠቱ ስለበረደም ነው፣ «ሲሮሲሴ ጠፋ» ብሎ ክትትል ማቆሚያ አይሆንም። ቢ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፣ ዲኤንኤውን ከጉበት ሴሉ ዲኤንኤ ጋር ስለሚያጣብቅ ሲሮሲስ ሳይኖርም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፣ ስለዚ ቤተሰብ ውስጥ የጉበት ካንሰር የነበረበት ወይም እድሜው የገፋ ሰው ጠባሳ የለኝም ብሎ አይቅር።

ለምን 6 ወር ከተባለ፣ እጢው ትንሽ ሳለ ሲገኝ በኦፕሬሽን ወይም በማቃጠል ወይም በንቅለ ተከላ ማዳን ስለሚቻል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋር ቃል በቃል ይሰራል። ህመም ሲሰማችሁ ብቻ ከሄዳችሁ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

ደብተሩ

እኔ ያዳነኝ ነገር ምንድነው ብትሉኝ ከኪኒኑ ቀጥሎ አንዲት የተማሪ ደብተር ነች። አንድ ገጽ ላይ መስመር አሰመርኩ፣ በግራ በኩል ቀኑ፣ ከዛ ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ፣ ፕላትሌት፣ የሲ አርኤንኤ፣ የቢ ዲኤንኤ፣ ክሬያቲኒን፣ የመጨረሻው አምድ ላይ ያን ሰሞን ምን መድሀኒት ጀመርኩ ምን አቆምኩ የሚል። ክሬያቲኒን ለምን ካላችሁ የድሮው ቴኖፎቪር ኩላሊትና አጥንት ላይ ሊከብድ ስለሚችል ነው፣ ቁጥሩ ከጨመረ ወደ አዲሱ ቴኖፎቪር አላፌናሚድ ወይም ወደ ኢንቴካቪር መቀየር አለ። የቢ ዲኤንኤ አምድ ባዶ ሆኖ ሲቆይ በዓይናችሁ ይታያችኋል፣ ባዶ ቦታው ራሱ ይጠይቃችኋል። የኔን 8 ሳምንት መለስ ብዬ ደብተሩ ላይ ስሞላው የሲው አምድ በየጊዜው ተሞልቶ የቢው ሁለት ዓመት ሙሉ ነጭ ሆኖ ነበር፣ ያን ገጽ እስካሁን አልቀደድኩትም።

የደብተሩ ሽፋን ውስጥ ደግሞ ያሉብኝን ቫይረሶች ስም በትልቁ ጽፌያለሁ። ጥርስ ሀኪም ጋር ብትሄዱም፣ ለሌላ በሽታ ብትታከሙም አሳዩት፣ በተለይ ለካንሰር ኬሞቴራፒ፣ ሪቱክሲማብ የሚባለው መርፌ ወይም ከፍ ባለ መጠን ፕሬድኒሶሎን ከታዘዘላችሁ። እነዚህ የሰውነት መከላከያን ስለሚያዳክሙ ያ ድሮ አሸነፍኩት ያላችሁት ቢ ሳይቀር ሊያገረሽ ይችላል፣ የመከላከያ ኪኒን ቀድሞ መጀመር አለበት።

የሲ ኪኒንም ከሌሎች መድሀኒቶች ጋር ይጣላል። የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታው ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ከነሱ ጋር አይወሰዱም፣ የልብ ምት መድሀኒቱ አሚዮዳሮን ከሲ ኪኒኖቹ አንዱ ከሆነው ከሶፎስቡቪር ጋር ምትን በጣም ሊያዘገይ ይችላል፣ ኦሜፕራዞል እንኳ የአንዳንዶቹን ኪኒን መመጠጥ ይቀንሳል። ኪኒኑን ከመጀመራችሁ በፊት የምትውጡትን መድሀኒት ሁሉ፣ ከጎረቤት የተቀበላችሁትን ሳይቀር፣ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ።

የሚበላና የሚጠጣ ነገር ላይ ብዙ አላወራም። አልኮል ይቁም፣ «ትንሽ ብቻ» የምትባል ነገር ሁለት ቫይረስ ላለበት ሰው የለችም። የሻገተ እህልና ለውዝ ጣሉት፣ ሻጋታው የሚያመርተው አፍላቶክሲን ከቢ ጋር ሲደመር የካንሰሩን ስጋት በብዙ እጥፍ ያባዛዋል፣ አጥቦ ወይም ቆልቶ መብላት አያጠፋውም። ክብደትና ስኳር ካለ ይስተካከል፣ የጉበት ስብ ሶስተኛ ጠላት ነው። ቡና ግን ጠጡ፣ ብዙ ጥናት ላይ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበት ጠባሳው ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው፣ እንዴት ደስ እንደሚል። ጉበት ያጥባል እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠውን ቅጠላ ቅጠል አደራ ተዉት፣ ከነዛ ውስጥ ራሳቸው ጉበት የሚያቃጥሉ አሉ። ራስ ምታት ከመጣ ሲሮሲስ ያለበት ሰው ፓራሲታሞል በቀን እስከ 2 ግራም መውሰድ ይችላል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን ይቅሩ፣ ሰው በተቃራኒው ነው የሚያስበው።

ቤተሰብ

ባለቤት፣ ልጆች፣ እህት ወንድም ሁሉ ይመርመር። የቢ ክትባት ቢ ያልያዘው ሰው ላይ ይሰራል፣ ቢን ስለሚከለክል ዲንም አብሮ ይከለክላል፣ የሲ ክትባት ግን የለም። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥፍር መቁረጫ ለየብቻ ይሁን። አብሮ መብላትና ማቀፍ ግን ምንም አያስተላልፍም፣ ሰሀናችሁን ለይታችሁ ራሳችሁን አታግልሉ። እናንተ ራሳችሁ ደግሞ የኤ ክትባት ውሰዱ፣ በተጎዳ ጉበት ላይ ኤ ሲጨመር ከባድ ነው። እርጉዝ የሆነች እህት ቢ ካለባት የቢ ዲኤንኤዋ ይለካ፣ ከ200 ሺህ በላይ ከሆነ በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት ቴኖፎቪር ይሰጣታል፣ ህጻኑ በተወለደ 24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት ማግኘት አለበት፣ ምክንያቱም በወሊድ ጊዜ ቢ ከያዛቸው ህጻናት 90 በመቶ ላይ ስር ይሰዳል።

ቀጠሮ ሳትጠብቁ የምትሄዱበት ጊዜ

ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት እንደ ሻይ ሲጠቁር፣ ሆድ ውሀ ቋጥሮ ሲነፋ፣ እግር ሲያብጥ በዛው ቀን ሂዱ። ደም ማስመለስ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ጥቁር መሆን፣ ወይም ሰውዬው ግራ እየተጋባ ቀንና ሌሊት ሲምታታበት፣ ይሄ የደቂቃ ጉዳይ ነው፣ እስኪነጋ አይባልም። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ሆዱ ነፍቶ ትኩሳት ከጨመረም እንደዛው። ግራ የተጋባው ሰው ራሱ መናገር ስለማይችል ደብተሩ የት እንደሚቀመጥ አንድ ሌላ ሰው ይወቅ፣ የኔን እህቴ ታውቀዋለች፣ ድንገተኛ ክፍል ስትደርስም መጀመሪያ የምትለውን አጥንታለች፣ «ቢ አለበት፣ ሲ ነበረበት ድኗል፣ ቴኖፎቪሩን እንዳታቋርጡት»።